ራስን ሳይገልጡ የሚገኝ ድጋፍ፦ ከፆታ ልማድ ውጭ የሚታዩ ተማሪዎችና የአእምሮ ጤናቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

መግቢያ

ደጀን በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሐ ጽዮንን ያለፈ መንገደኛ ወደ በረሃው ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ የሚቀበለው የጎጃም ከተማ እርሷ ናት። ለዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች ግን ደጀን የመንገድ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የትምህርት ከተማም ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በመንደሩ የጨረሰ የገበሬ ልጅ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ከቤቱ ስንቅ እያመጣ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከታተላል። በዚህ ዕድሜው ከወላጆቹ ዓይን ይርቃል፤ ከእኩዮቹ ዓይን ግን ሌሊት እንኳ አይርቅም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ድምፁ፣ አካሄዱ፣ ዝንባሌው ወይም ስሜቱ ከወንድ ወይም ከሴት ከሚጠበቀው ልማድ ውጭ የሆነውን ነው። ከእነርሱም ውስጥ ወደ ተመሳሳይ ፆታ የሚያዘነብሉ፣ ወይም ከተወለዱበት ፆታ የተለየ የማንነት ስሜት ያላቸው ይገኛሉ፤ በዓለም አቀፍ አጠራር ኤልጂቢቲኪው የሚባሉት ማለት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ጉዳዩ በሕግ፣ በሃይማኖትና በቤተሰብ ዘንድ እጅግ አስቸጋሪ በሆነበት ሀገር፣ አንድ የትምህርት ቤት አማካሪ ወይም የክፍል ኃላፊ መምህር የእነዚህን ልጆች የአእምሮ ጤና እንዴት ሊጠብቅ ይችላል? የጽሑፉ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሚጠቅመው ድጋፍ ማንም ተማሪ ማንነቱን እንዲናገር ሳያስገድድ ሁሉንም የሚጠብቅ ድጋፍ ነው።

ሁለት ስድቦችና የሚያርፉባቸው ልጆች

በአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ወንድ ልጅን «ሴታሴት»፣ ሴት ልጅን «ወንዳወንድ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ቃላቱ ሲሰሙ እንደ ቀልድ ያልፋሉ፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል። ሥራቸው ግን ቀላል አይደለም። የሥራ ክፍፍሉ በጾታ በተለየበት የገበሬ ማኅበረሰብ፣ ማረስና መጎልጎል የወንድ፣ መጋገርና ውኃ መቅዳት የሴት ተብሎ በተደለደለበት፣ እነዚህ ቃላት ድንበር ጠባቂዎች ናቸው። ድንበሩን የነካ ሁሉ ይሰደባል።

የሚሰደቡት እነማን ናቸው? ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ አለ። ጠብ የሚሸሽና ከሴት ተማሪዎች ጋር ማጥናት የሚመርጥ አለ። በኪራይ ቤት እንጀራ መጋገር የለመደ፣ ስለዚህም ከቤቱ የመጣው ስንቅ ሲያልቅ የማይራብ ብልህ ልጅ አለ። እግር ኳስ የምትወድና ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ ልጅ አለች። ከእነዚህ መካከል አብዛኛዎቹ ስለ ፍቅር ዝንባሌያቸው ምንም የተለየ ነገር የላቸውም። ጥቂቶቹ ግን በእውነት በውስጣቸው የሚያውቁት፣ ለማንም ያልተናገሩት ስሜት አላቸው። ከውጭ ሆኖ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ ለማወቅ መሞከርም ጉዳት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ወደ ተመሳሳይ ፆታ የሚያዘነብል ሆኖ በአነጋገሩም ሆነ በአካሄዱ ምንም የማያስታውቅ፣ እንዲያውም ራሱን ለመከላከል ከሁሉ አብልጦ የሚሳደብ ተማሪ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ስድቡ የሚያርፈው በብዙዎች ላይ ቢሆንም የሚያደርሰው ጉዳት እኩል አለመሆኑን ነው። ለአንዱ ውርደት ነው፤ ለሌላው ደግሞ ምስጢሩ የታወቀበት የሚመስለው ድንጋጤ ነው።

ስሜት፣ ድርጊትና ጥቃት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ስሜት ነው። አንድ ታዳጊ ወደ ተመሳሳይ ፆታ መሳቡን ማስተዋሉ፣ ወይም በተወለደበት ፆታ አለመርጋቱ፣ የውስጥ ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ድርጊት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል። ሕጉ የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ራሱ «ግብር» ከሚለው የተገኘ ነውና የሚያመለክተው ሥራን ነው። ስሜት ወንጀል አይደለም፤ ስሜቱን ለአማካሪ የተናገረ ተማሪም ወንጀል አልፈጸመም፤ የሰማው አማካሪም እንዲሁ። ሦስተኛው ጥቃት ነው። በዕድሜ የበለጠ ሰው በሕፃን ወይም በታዳጊ ላይ የሚፈጽመው ወሲባዊ ጥቃት፣ ተጠቂው ወንድም ይሁን ሴት፣ ከባድ ወንጀል ነው፤ የተመሳሳይ ፆታ ጥቃትን በሚመለከት ሕጉ በአንቀጽ 631 ለብቻው ደንግጓል።

በሕዝብ ወሬ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ተደርገው ሲታዩ ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ማንንም ያልነካ ልጅ እንደ አጥቂ ይፈራል። ሁለተኛው ይብሳል፦ የተጠቃ ወንድ ልጅ «እኔንም እንደዚያ ይሉኛል» ብሎ ጥቃቱን ይደብቃል፤ የሕክምናና የፍትሕ ጊዜውም ያልፋል። አማካሪ ሦስቱን በአእምሮው ለይቶ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። የተጠቃ ልጅ ተጠርጣሪ አይደለም፤ ባለ ጉዳት ነው።

ሌላም የሕግ መሠረት አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። እነዚህ ድንጋጌዎች ተማሪን በባሕርዩ አይመርጡም።

ጭንቀቱ ከየት ይመጣል?

ቀደም ባለው ዘመን የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ራሱ እንደ አእምሮ ሕመም ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ከሕመሞች ዝርዝሩ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ባጸደቀው አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ ዝንባሌው በራሱ ሕመም እንዳልሆነ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው አሥራ አንደኛው ምደባም የፆታ ማንነት አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። በሌላ በኩል በብዙ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ድባቴ፣ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በእነዚህ ወጣቶች ዘንድ ከሌሎች እኩዮቻቸው በልጦ እንደሚታይ ደጋግመው አሳይተዋል። ዝንባሌው ራሱ ሕመም ካልሆነ ሕመሙ ከየት መጣ?

የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 በጥልቀት ያቀረበው «የአናሳነት ውጥረት» የተሰኘ ማዕቀፍ ለዚህ መልስ ይሰጣል። እንደ ማዕቀፉ ውጥረቱ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንደኛው ከውጭ ነው፦ ስድብ፣ ድብደባ፣ መገለል። ሁለተኛው ወደ ውስጥ የገባው ነው፦ «መቼ ይደርስብኝ ይሆን» የሚል የማያቋርጥ ጥበቃ፣ ራስን መደበቅ፣ በመጨረሻም ሌሎች የሚናገሩትን ጥላቻ በራስ ላይ መቀበል። ሁለተኛው ማንም ባይሳደብም ይሠራል። ክፍል ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ሙሉ ቀን በጥበቃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩን ይመዝናል፣ እጁን ይቆጣጠራል፣ ስለ ሴት ጓደኛ ሲጠየቅ የሚመልሰውን አስቀድሞ ያሰናዳል። ለሂሳብ ትምህርት የሚያስፈልገው ትኩረት በዚህ ያልቃል።

የማኅበረሰብ ሳይንቲስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ስለ ስቲግማ በሚያወሳ መጽሐፉ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል። አንዳንዱ ሰው የሚገለልበት ምልክት ከሩቅ ይታያል፤ ሌላው የሚገለልበት ምክንያት ግን ገና አልታወቀበትም። የመጀመሪያው የሚታገለው በፊቱ ካለው ሰው ጋር ነው፤ ሁለተኛው የሚታገለው ከወሬ ጋር ነው፤ ማን ምን ያውቃል፣ ማን ለማን ይነግራል እያለ ይኖራል። በሀገራችን ለዚህ ኑሮ «ሆድ ይፍጀው» የሚል አጭር ስም አለን። ሆድ የፈጀው ነገር ግን አይጠፋም፤ በእንቅልፍ ማጣት፣ በራስ ምታት፣ በጨጓራ ሕመም፣ ከክፍል በመቅረትና በውጤት ማሽቆልቆል ይወጣል። ተማሪው ወደ አማካሪው ወይም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ይዞ ነው።

ዕድሜውም ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል። በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ እንደሚጀምሩ ይታወቃል። ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ከቤቱ ሲወጣ ችግሩ ምናልባት አብሮት ወጥቷል ማለት ነው።

የሀገራችን መልክ

በኢትዮጵያ በዚህ ርእስ የተሠራ ጥናት ጥቂት ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ያሳተማቸው ሥራዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች ያነጋገረው ይህ ጥናት፣ ተጠያቂዎቹ በአንድ በኩል ለስሜታቸው የራሳቸውን ስፍራ ሲፈጥሩ፣ በሌላ በኩል ግን ስለ ራሳቸው «ትክክለኛነት» በጥርጣሬ እንደሚናወጡና ማኅበረሰቡ ለወንድነት የሰጠውን መለኪያ ራሳቸው እንደሚቀበሉት አሳይቷል። ሜየር «ወደ ውስጥ የገባ ውጥረት» ያለው በሀገራችን ሰዎች ንግግር ውስጥ ሲታይ ይህን ይመስላል።

የሕዝብ ስሜቱም ግልጽ ነው። በታኅሣሥ ወር 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች በአንድነት ተሰብስበው ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ደረጃ እንዲከለከል ጠይቀዋል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር የጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታውቋል፤ በዚያው ሰሞን በቲክቶክ ሰዎችን በፎቶግራፋቸው የማጋለጥ ዘመቻ ተካሂዷል። ይህ ሁሉ በስልክ መስኮት ወደ ደጀን የኪራይ ክፍልም ይደርሳል። አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ሦስት ልጆች ተደራርበው ሲያዩት ሁለቱ ይስቃሉ፤ ሦስተኛው አብሮ ለመሳቅ ይገደዳል።

በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ለሁሉም ተማሪ ኪሳራ የሆነው ይህ መቋረጥ፣ ትምህርት ቤቱ ብቸኛ መተንፈሻው ለነበረ ልጅ ደግሞ ድርብ ነው። ጓደኛ፣ መጽሐፍና ነገን የመመኘት ምክንያት በአንድ ጊዜ ይወሰዱበታል፤ «ትምህርት ከሌለ ትዳር ይያዝ» የሚለው የቤተሰብ ጥያቄም ይቀርባል።

ከኤድስ ዘመን የተገኘ ትምህርት

መገለል የሚያስከትለውን መደበቅ፣ መደበቅም የሚያስከትለውን ጉዳት ለማወቅ ወደ ሩቅ ሀገር መሄድ አያስፈልግም። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቁሞ፣ በሰልፍ ሥነ ሥርዓትና በሚኒ ሚዲያ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ይነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረው ማስፈራራት ሰዎችን ከምርመራ አራቀ እንጂ አላቀረበም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ምርመራው በምስጢር ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሲገኝና የተከበሩ ሰዎች ሲናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒቱንም መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ መናገራቸው ለብዙ ምእመናን በሃይማኖትና በሕክምና መካከል የመምረጥ ጭንቀትን አቅልሏል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ። ፍርሃት ሰውን ከእርዳታ ያርቃል። ምስጢር ወደ እርዳታ ያቀርባል። ሃይማኖታዊ እምነትን የጠበቀ ሰውም ለተቸገረ መራራት ይችላል። ስለ ዝንባሌው የተለያየ የእምነት አቋም ያላቸው መምህራን በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ሊስማሙ ይችላሉ።

ከውጭ የመጣውን አሠራር እንዳለ መቅዳት ለምን አይበጅም?

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚመከሩ አሠራሮች አሉ፦ ተማሪዎች በግልጽ የሚሰበሰቡባቸው ክበባት፣ በበር ላይ የሚለጠፉ ምልክቶች፣ ተማሪው ማንነቱን ለጓደኞቹና ለቤተሰቡ እንዲናገር ማበረታታት። እነዚህ ሕጉ ጥበቃ በሚሰጥባቸው ስፍራዎች ጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። በደጀን ግን ራስን መግለጥ ድፍረት ተብሎ የሚወደስ ነገር ሳይሆን አደጋ ነው። ምስጢሩ የወጣበት ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ የኪራይ ክፍሉን፣ ስንቁን የሚልኩለትን ወላጆቹንና የትምህርት ገበታውን ሊያጣ ይችላል። በትንሽ ከተማ የሚደበቁበት ሌላ ሰፈር የለም።

ስለዚህ ድጋፉ ተገልብጦ መታሰብ አለበት። አንድን ቡድን ለይቶ ከመርዳት ይልቅ ለሁሉም የሚሠራ ጥበቃ ተዘርግቶ፣ የተለየው ልጅ ሳይታወቅ በጥላው ሥር እንዲያርፍ ማድረግ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ ይችላል?

ስድብን በአንድ ሚዛን መከልከል። «ሴታሴት» እና «ወንዳወንድ» በትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ ዘርን፣ አካል ጉዳትንና ሙያን ከሚነኩ ስድቦች ጋር አብረው ሊካተቱ ይገባል። መምህሩ ስድቡን ሲሰማ የተሰደበውን ልጅ ሳያስቆም፣ ሳያብራራለትና ሳይሟገትለት፣ ለተሳዳቢው «በዚህ ክፍል ሰው አይሰደብም» ብሎ ትምህርቱን ቢቀጥል በቂ ነው። ረጅም ንግግር ሁሉንም ዓይን ወደ ተሰደበው ልጅ ይመልሳል።

የምክር ክፍሉን ተራ ማድረግ። የአማካሪው ቢሮ ጥፋተኞች ብቻ የሚጠሩበት ከሆነ፣ በበሩ የገባ ሁሉ ይጠረጠራል። ስለ ጥናት ዘዴ፣ ስለ ትምህርት ምርጫና ስለ ኪራይ ችግር ለመነጋገር ተማሪ ሁሉ በየተራ የሚጠራበት ቢሆን ግን ገብቶ የወጣ ማንም አይታወቅም። በመዝገቡ ላይ የመጣበት ቀን ይጻፍ፤ የተናገረው ነገር ግን አይጻፍ።

ምስጢርንና ወሰኑን በመጀመሪያ መናገር። ለአካባቢያችን ሰው የምስጢር ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ የንስሐ አባት የሰማውን እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። አማካሪም እንዲሁ መታመን አለበት። ልዩነቱ ግን ይነገር፦ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም በልጁ ላይ ጥቃት ከተፈጸመ፣ ለሚረዳ አካል ማሳወቅ ግዴታ ይሆናል። ይህ ተማሪው ከመናገሩ በፊት ካልተነገረው በኋላ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል።

ማዳመጥና ስም አለማውጣት። ተማሪው «እኔ እንደ ሌሎቹ አይደለሁም» ካለ አማካሪው የጎደለውን ቃል አይሙላለት። «ከመቼ ጀምሮ ይከብድሃል? እንቅልፍህስ? ትምህርትህስ?» ብሎ ስለ ጭንቀቱ ይጠይቅ። ስለ ዝርዝር ድርጊት መጠየቅ ለሕክምናው አያስፈልግም፤ ልጁንም ለአደጋ ያጋልጣል። የታዳጊነት ስሜት ገና እየረጋ ያለ ስለሆነ ቸኩሎ መሰየም ተገቢ አይደለም፤ ቸኩሎ «ያልፋል» ማለትም እንዲሁ።

እለውጣለሁ ብሎ አለመማል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ፣ ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረጉ ሙከራዎች ውጤታማ ስለመሆናቸው በቂ ማስረጃ እንደሌለና ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ደምድሟል። አማካሪ ሊሰጥ የማይችለውን ተስፋ ከሰጠ፣ ያልተሳካለት ልጅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ድባቴውም ይብሳል። ሊሰጥ የሚችለው ሌላ ነው፦ ጭንቀትን መቋቋሚያ ዘዴ፣ የቀን ሥርዓት፣ የሚታመን አንድ ጓደኛ፣ የትምህርት ግብ።

ወደ ቤተሰብ ከመሄድ በፊት

በትምህርት ቤቶቻችን የተማሪ ችግር ሲበዛ «ወላጅ አምጣ» ማለት የተለመደ ነው። በዚህ ጉዳይ ይህ ልማድ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከ21 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 224 ወጣቶች አነጋግረዋል። በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከፍተኛ ተቃውሞና መገፋት የደረሰባቸው፣ እምብዛም ካልደረሰባቸው ይልቅ ራስን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው 8.4 እጥፍ፣ ለከባድ ድባቴ የመጋለጥ ዕድላቸው 5.9 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የሌላ ሀገር ነው፤ ቁጥሩ ለጎጃም አይገለበጥም። የሚያመለክተው መንገድ ግን ለማንኛውም ወላጅ ግልጽ ነው፦ ልጁን የሚሰብረው ከማንም በላይ የቤቱ ፊት መጥቆር ነው።

ስለዚህ ወላጅ የሚጠራው ተማሪው ከፈቀደ፣ ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ይሁን። ሲጠራም የሚነገረው ስለ ጤናው ነው። «ልጅዎ እንቅልፍ አጥቷል፤ ምግብ አይበላም፤ ብቻውን እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ወደ ሐኪም እንወስደዋለን» የሚለው ንግግር እውነት ነው፤ ምስጢሩን ግን አያወጣም። ቤተሰቡ ጠበል ለመውሰድ ቢሻ አማካሪው አይከራከር፤ ሕክምናው አብሮ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም እንዳይታሰርና እንዳይደበደብ ይለምን።

ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን

«ብሞት ይሻለኛል»፣ «ለማንም አልጠቅምም» የሚሉ ንግግሮች፣ ደብተርና ልብስን ለሌላ ማደል፣ ከረጅም ሐዘን በኋላ ድንገት የሚመጣ ጸጥታ፣ ሁሉም ሊታለፉ የማይገቡ ምልክቶች ናቸው። መምህራን ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስላቸዋል፤ እንደዚያ እንዳልሆነ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የተረጋገጠ ነው። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ልጁን ያሳርፋል እንጂ አይገፋውም። በወንጀል ሕጋችን የሚቀጣው በአንቀጽ 542 እንደተደነገገው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋ ወይም የረዳ ነው፤ ሞክሮ የተረፈ ልጅ ወንጀለኛ አይደለም፤ ስለዚህ ለማሳከም መፍራት አይገባም።

ከዚያ የሚከተሉት ሦስት ተግባራት ናቸው። ተማሪው ብቻውን እንዳይተው፤ በተለይም በኪራይ ክፍሉ። በገበሬ ቤት የሚገኙ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች እንዲቆለፉና እንዲርቁ ለቤተሰቡ ይነገር። ሕክምናም ይፈለግ፦ በመጀመሪያ በደጀን ባለው ጤና ተቋም፣ ካስፈለገም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። የማስተላለፊያው ወረቀት ድባቴ ወይም ራስን የማጥፋት ስጋት ብሎ ምክንያቱን ቢጽፍ ለሐኪሙ በቂ ነው፤ የልጁን ምስጢር ወረቀት ላይ ማስፈር አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

ይህ ጽሑፍ ሕግን ለመተርጎም ወይም የእምነት ክርክርን ለመዳኘት አልተነሣም። የተነሣው በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡ ስድሳ ወይም ሰባ ተማሪዎች መካከል የትኛው ሆዱ እንደሚፈጀው ማወቅ ከማይቻልበት እውነታ ነው። ማወቅ ካልተቻለ ጥበቃው ሁሉንም የሚያቅፍ መሆን አለበት፦ ስድብ የማይፈቀድበት ክፍል፣ ማንም ሳይጠረጠር የሚገባበት የምክር ቢሮ፣ የሰማውን የሚጠብቅ አማካሪ፣ የሕመምን ምልክት የሚለይ መምህር።

እነዚህ አዲስ በጀት ወይም አዲስ ሕግ አይጠይቁም። በአንዱ ልጅ ምክንያት ቢጀመሩም የሚጠቅሙት ለብዙዎች ነው፦ ድምፁ ለቀጠነው፣ እንጀራ ለሚጋግረው፣ ኳስ ለምትወደው፣ ተጠቅቶ ለዝም ላለው፣ በግጭቱ ወንድሙን ላጣው። ከእነርሱ መካከል ማንነቱን ለማንም ያልተናገረው ተማሪ ዓመቱን በጤና ጨርሶ ለፈተና ቢቀመጥ፣ ማን እንደረዳው ትምህርት ቤቱ ላያውቅ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ የተሳካ መሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።